ባሌስትራና የከበደች ጊደር፦ ከወልቂጤ ሱሉልታ ደርሶ መልስ

የእኛ ሰፈር ሰው ሰበታን የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ «አዲስ አበባ ደረስን» ብሎ ፌስታሉን ሲሰበስብ ታልፈዋለች። ቡራዩን ያየ ጥቂት ነው። ስለ ሱሉልታ ደግሞ የሰማው ብርዷን ብቻ ነው። እኔ በጥቅምት መጨረሻ ሦስቱንም አምስት ቀን ሙሉ ዞሬባቸው በሰላም ተመልሻለሁ። «እንዴት ነበር?» ለሚለኝ ሁሉ ከመጀመሪያው ማውራቱ ስለሰለቸኝ ጻፍኩት። ሐውልትም ሙዚየምም አላየሁም። ያየሁት ብረት፣ ጭቃና ሰው ነው፤ ሦስቱንም ግን ደህና አድርጌ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ባለቤቴ ትርፌ ወልቂጤ ውስጥ ወተት ትሸጣለች። አምና አንዲት የከበደች፣ ማለትም ያረገዘች፣ የፈረንጅ ጊደር ገዝተን በኪራይ አይሱዙ አስጭነን አመጣን። መኪናው ድንጋይ ሲያመላልስ የኖረ ነው፣ መንገዱም ጉድጓድ ነው። ጊደሯ ቤት በገባች በማግስቱ ጨነገፈች፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ዘንድሮ ትርፌ «አንዴ ብቻ እሞክራለሁ። ይቺም በመንገድ ከተበላሸች ጋጡን አፍርሼ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ» አለችኝ። ትርፌ እንዲህ ስትል ቀልድ የላትም።

በስልክ ስናጠያይቅ ሱሉልታ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ከሚኖሩ ኦቦ ደበላ ከሚባሉ ገበሬ ቤት፣ ሰባት ወር የሞላት እርጉዝ ጊደር ተገኘች። እኔም ወሰንኩ። የኪራይ መኪና የለም። የራሴን አሮጌ ፒካፕ አጠንክሬ፣ ጊደሯ ሳትነሳና ሳትገፋ በገዛ እግሯ የምትገባበት፣ ወለሉ ለመሬት የቀረበ ተሳቢ ከኋላው አስሬ፣ ራሴ ነድቼ አመጣታለሁ። ሃያ ዓመት መሪ ጨብጫለሁ፤ ስለ መኪና የሚያስተምረኝ ሰው ገና አልተወለደም ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። ትርፌ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለች ስንቄን ቋጠረችልኝ።

ማክሰኞ

ሊነጋጋ ሲል ተነሳን። አብሮኝ የሄደው የትርፌ ወንድም ሙላቱ ነው። ሙላቱ ንግግሩ ቁጥብ፣ ምግቡ ግን የማይቆጠብ፣ ኦሮምኛ እንደ ውሃ የሚጠጣ ልጅ ነው። ልጅ እላለሁ እንጂ ሦስት ወልዷል። ቱሉ ቦሎ ስንደርስ የትርፌን ስንቅ ጨርሶ ነበር፤ ቁርስ እንደ አዲስ በላን። እንቁላሉ እንደ እኛው ነው፣ ዳቦው ግን ከእኛ ይበልጣል። ይህን ወልቂጤ ላሉ ዳቦ ጋጋሪዎች እንዳትነግሩብኝ።

ረፋዱ ላይ ሰበታ ገባን። ወልቂጤ ጎዳናው የሚሞላው በገበያ ቀን ነው። ሰበታ ግን የፋብሪካ ፈረቃ በተለወጠ ቁጥር ጎዳናው ይሞላና ተመልሶ ይጎድላል። ሚኒባሶቹ ጥሩምባ እንደ ሰላምታ ነው የሚጠቀሙት። ነጭ ዘንግ የያዙ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለመሻገር ጠርዝ ላይ ሲቆሙ ግን ያ ሁሉ ጩኸት ቀጥ ይላል፤ ረዳቱ ወርዶ እጁን ይዘረጋል፣ ከኋላ ያለውም አያጉረመርምም። እኛ ዘንድ ለሰርግ አጀብ ካልሆነ እንዲህ አይቆምም።

የሄድነው ጋሽ ታደሰ ወደሚባሉ ባሌስትራ ሠሪ ነው። ባሌስትራ ማለት ከመኪናው ሆድ ሥር፣ ጎማዎቹ ላይ ሸክሙን የሚሸከሙት ቅስት ብረቶች ናቸው፤ እንደ ቅጠል ስለሚደራረቡ አንዱ ብረት «ቅጠል» ይባላል። የእኔ ፒካፕ ቅጠሎች ደክመው ኋላው ተቀምጧል። ጋሽ ታደሰ አንድ በአንድ አውጥተው መሬት ላይ ዘረጉና በመዶሻ እየመቱ ጆሯቸውን አዘነበሉ። ጤነኛው ብረት ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ሁለቱን ወደ ጎን ጣሏቸው።

ከዚያ ምን እንደምጭን ጠየቁኝ። ጊደር፣ ድርቆሽና ተሳቢ አልኳቸው፤ ሱሉልታ ውስጥ ጭቃ እንዳለም ጨመርኩ። ለፒካፑ የራሱን ዓይነት ቀጭን ቅጠል መልሰው፣ ከሥሩ አንድ ቀጥ ያለ ወፍራም ቅጠል እንዲያስቀምጡልኝ መከሩኝ። ያ ወፍራሙ መኪናው ባዶ ሲሆን ሥራ ይፈታል፤ ሸክም ሲመጣ ብቻ ከላይኞቹ ጋር ገጥሞ ያግዛል። ለተሳቢውም ቀጭን ይበቃዋል አሉ። እኔ አልተዋጠልኝም። የእኛ አገር ሾፌር የሚያምነው ወፍራም ብረት ነው፤ ፒካፑን የአይሱዙ ቅጠል ጨምሮበት ኋላውን ሽቅብ ካላነሳ ጠነከረ አይልም። እኔም የአይሱዙ ቅጠል በሁለቱም በኩል ሦስት ሦስት፣ ለተሳቢውም እንዲሁ ይሁንልኝ አልኩ።

«ይከብዳል» አሉኝ።

«ይክበድ ጋሽ ታደሰ፣ እኔ የምፈልገው እንዳይሰበር ነው።»

«ባለ መኪናው አንተ ነህ» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ማታ ያረፍንበት ፔንሲዮን ምግብ ቤትም አለው። ከወልቂጤ ወጥቶ ሰበታ ላይ ክትፎ ማዘዝ ነውር ነው ብዬ ብነግረውም ሙላቱ አልሰማኝም፤ አዘዘ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሳህኑን እንዳስቀመጠች ከየት እንደመጣን ጠየቀች። ስንነግራት ሳህኑን መልሳ አነሳችው። «ለእናንተማ ይህን አላቀርብም» ብላ በምትኩ ጥብስ ይዛ መጣች፤ ከራሷ የጨመረችበትም ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ምግብ ቤት ገጥሞኝ አያውቅም።

ረቡዕ

ፒካፑ ኋላው ተነስቶ ጎረምሳ መስሏል። ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት፤ ደስ አለኝ። የተሳቢውን ባሌስትራ ኋላ ጭነን በአዲስ አበባ ዳር ዞረን ወደ ቡራዩ ሄድን። የመንገዱን ጉብታ ባለፍን ቁጥር ሙላቱ ጭንቅላቱን ከጣሪያው ጋር ያጋጫል። ባዶ መኪና ያዘልላል፣ ሲጫን ይሰክናል አልኩት። ሙላቱ ኮፍያውን አጠበቀ።

ቡራዩ ሁለት ሥራ ነበረን። አንደኛው አዲስ ሾክ ማስገጠም ነው፤ ባሌስትራው ሲወዛወዝ የሚያረጋው እሱ ነው። ለጭቃና ለጉድጓድ እንዲሆን ረዘም ያለውን መረጥን፣ ያለ ችግር ገባ። ሁለተኛው በስልክ ያዘዝኩትን ተሳቢ መረከብና ባሌስትራውን ማስገጠም ነው። ብየዳ ሠሪው ወለሉን ዝቅ፣ ጎኑን ከፍ አድርጎ በደንብ ሠርቶታል፤ ነገር ግን መጎተቻውን የሠራው ለትራክተር ነው። ከፒካፑ ጋር በምንም አይገጥምም። «ተሳቢ ስትለኝ ትራክተር ነው የመሰለኝ» አለ፤ በስልክ ማዘዝ ትርፉ ይህ ነው። ይቆረጥና እንደገና ይበየድ ስንል መብራት ጠፋ።

ወልቂጤ መብራት ሲጠፋ ሰው ወንበር አውጥቶ ደጅ ይቀመጣል። እዚህ ግን ከማዶ የብረት በር የሚሠራ ሰው ጄኔሬተሩን አስነስቶ ነበር። የእኛን መቆም አይቶ የራሱን ሥራ አቆመና ገመዱን መንገድ አሻግሮ ሰጠን። ስሙን እንኳ አልነገረንም። ብየዳው እስኪያልቅ ከእኛ ጋር ቆሞ ስለ ወልቂጤ ሙቀት ሲጠይቀን ቆየ፤ ብርድ ያማረረው ሰው ነው መሰለኝ።

ያደርነው የትርፌ አክስት እትዬ አስካለ ቤት ነው። ቤታቸው ወደ ገፈርሳ መውጫ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ላይ ነው። ቀኑ ጾም ስለሆነ ሽሮና ጎመን አቀረቡልን፣ አልጋቸውንም ለቀውልን ከልጃቸው ጋር ተኙ። ስለ አምናዋ ጊደር ሰምተው ኖሮ ከራት በኋላ ለብቻዬ ጠሩኝ። «ትርፌን አደራ» አሉኝ። እኔም ግዴለም፣ መኪናው አሁን ብረት ነው አልኳቸው።

ሐሙስ

በእንጦጦ በኩል ወጣን። ዳገቱን ተሳቢ እየጎተተ ፒካፑ ሳያጉረመርም ወጣው። ማዶ ስንወርድ ሱሉልታ ሜዳዋን ዘርግታ ጠበቀችን፤ ድርቆሽ የሚታጨድበት ጊዜ ስለሆነ ማሳው ሁሉ ክምር ነው። ብርዱ ግን እንደተባለው ነው። ወልቂጤ በዚህ ሰዓት ሰው ጥላ ይፈልጋል፤ እዚህ በቀትር ጋቢ ይለበሳል።

አስፋልቱን ለቀን ገባን። ጥቁር ጭቃ ነው፣ ክረምቱ የተወው ቦይም አለ፤ ተራ መኪና ሆዱን የሚያስቀርበት መንገድ ነው። ፒካፑ ግን አንዱንም አልነካ፣ ሳይንሸራተት አለፈው። ሙላቱ እንኳ «ጥሩ ነው» አለ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም።

ኦቦ ደበላ ሰባ ያለፋቸው፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ሙላቱ «አካም ጅርቱ» ብሎ ጀመረ፤ ሰላምታው ከከብቱ፣ ከልጁ፣ ከዝናቡ ደርሶ እስኪመለስ እኔ ቆሜ ራሴን ነቀነቅኩ። ባለቤታቸው አዴ ወርቄ በቅቤ የተለወሰ ጭኮ በእርጎ አቀረቡልን። ጭኮ የተቆላ የገብስ ዱቄት ነው፤ እኛ ቆጮን እንደምናከብር እነሱ ይህን ያከብሩታል። ከዚያ ጊደሯን አወጧት። ጥቁርና ነጭ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፣ ሆዷ ግራና ቀኝ ወጥቷል። ትርፌ ብታያት ምን እንደምትሆን አሰብኩና ቶሎ ልጫናት አልኩ።

ኦቦ ደበላ ግን ተሳቢውን ዞሩት፣ ጫፉ ላይ ቆመው በሙሉ ክብደታቸው ገፉት። ንቅንቅ አላለም። ያ ለእኔ ምስጋና ነበር፤ ለእሳቸው ግን አልነበረም።

«መጀመሪያ አንተ ግባ» አሉኝ።

«የት ልግባ?»

«እሷ የምትቆምበት። እሱ ይንዳ።» ወደ ሙላቱ ጠቆሙ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቁም። ገባሁ፣ ሙላቱ ነዳ። ከግቢው እስከ ወንዙ መሻገሪያ ሄደን ተመለስን፤ መንገዱ አጭር ነው፣ ለእኔ ግን አላልቅ አለኝ። እያንዳንዱ ጉድጓድ ከእግሬ ተነስቶ ጥርሴ ድረስ ይመጣል። ፒካፑ ሲዘል ተሳቢውን ወደ ላይ ይነጥቀዋል፣ ተሳቢው ደግሞ እኔን ይወረውረኛል። የጎኑን ብረት በሁለት እጄ አንቄ ይዤም ጉልበቴ ሁለት ጊዜ ወለሉን መታ። ስወርድ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሙላቱ አይቶ ፊቱን አዞረ።

ኦቦ ደበላ አልተቆጡም። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት።

«አንተ ብረቱን በሁለት እጅህ ይዘህ ነው እንዲህ የሆንከው። እሷ የምትይዝበት እጅ የላትም። ሆዷ ውስጥ ያለው ደግሞ ጭራሽ የሚይዘው የለውም። በዚህ ከብቴን አልሰጥም።»

አፈርኩ። ሃያ ዓመት የጨበጥኩት መሪ ያን ሰዓት አልረዳኝም። ክፍያው አልቋል፣ የቀበሌው ወረቀት ተጽፏል ብልም ይህን ከቁብ የሚቆጥሩ ሰው አይደሉም። ደግሞም እውነታቸውን ነበር፤ አምናዋን ጊደር የገደላት ይኸው እንደሆነ ገና ጉልበቴ እያመመኝ ነው የገባኝ። እንደዚያ አይሱዙ የሚመታ መኪና በገዛ እጄ አሠርቼ ያንኑ ጉዳት ለሁለተኛ ጊዜ ትርፌ ላይ ላመጣባት ነበር።

ትርፌ ደወለች። ነገ እንነሳለን ብዬ ለማለፍ ሞከርኩ፤ ድምፄን ታውቀዋለች፣ እውነቱን ንገረኝ አለች። ነገርኳት። «እኚያ ሰውዬ ይባረኩ» አለችና ዘጋችው። እኔን ባትባርከኝም አልፈረድኩባት። ያቺን ሌሊት አዴ ወርቄ ሁለት ጋቢ ደርበውልን እዚያው አደርን።

ዓርብ

ተሳቢውን እየጎተትኩ አዲስ አበባን አቋርጬ ወደ ሰበታ ተመለስኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የእኔ መልቀም በመኪና መጨናነቅ ውስጥ ነበር። ጋሽ ታደሰ «ብዬህ አልነበረም?» ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ እያልኩ መንገዱን ጨረስኩት። አላሉም። የተመለስኩበትን ስነግራቸው «ሽማግሌው ራሱ አስገባህ?» ብለው ጠየቁና መዶሻቸውን አነሱ። ሳይስቁ ማለፋቸው ከሳቅ በላይ ከበደኝ።

መጀመሪያ የመከሩኝን ሠሩት። ለፒካፑ ቀጭኖቹ ተመለሱ፣ ከሥራቸው ያ ቀጥ ያለው አጋዥ ቅጠል ገባ። ከተሳቢው ወፍራሞቹ ሁሉ ወጡና ረዣዥም ቀጭኖች ተተኩ፤ በቅጠሎቹ መካከል ግራሶ ተቀባ። የጎማውንም ነፋስ ቀነስን። ጋሽ ታደሰ ግን ሳይጫን ከግቢዬ አይወጣም አሉ። ደጅ ላይ ከፋብሪካ ወጥተው ወደ ዓለም ገና ትራንስፖርት የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ላይ የጊደር ያህል የሚመዝኑ ስድስት ሰዎች ቆጠሩና በነፃ እንወስዳችሁ አሏቸው። እየሳቁ ገቡ። ዓለም ገና ስናወርዳቸው አንዷ ሴትዮ ከሚኒባሱ ይሻላል አለችኝ። ሙላቱ ደግሞ ጭንቅላቱ ከጣሪያው ጋር መጋጨቱን ስለተወ ኮፍያውን አውልቆ ነበር የሚሄደው።

ሲመሽ ሱሉልታ ገባን። አዴ ወርቄ በሽሮ ጠበቁን፤ እንመለሳለን ብለን ሳንነግራቸው ለሁለት ሰው የሚበቃ ተርፏል። ኦቦ ደበላ ስለ መኪናው አንድም አልጠየቁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ተሳቢው ውስጥ ለመግባት ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። ኦቦ ደበላ ግን ከዘራቸውን ለባለቤታቸው ሰጥተው ራሳቸው ገቡ። ጊደሯ በምትቆምበት መካከል ላይ ቆሙ። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ምንም ሳይዙ፣ «ንዳ» አሉኝ።

እባክዎ፣ ብረቱን ይያዙ ብዬ ለመንኳቸው። «እሷም አትይዝም» አሉ።

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ነድቼ አላውቅም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ከኋላዬ ያለ መያዣ ቆመዋል። ጉድጓዱን ሁሉ አስቀድሜ አየሁ፣ ፍሬን ከመርገጥ ይልቅ ቀድሜ ፍጥነቴን አበረድኩ፣ ቦዩን በአንድ ጎን ጎማ ቀስ ብዬ ገባሁበት። ሙላቱ አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ ወደ ኋላ እያየ «ሱታ፣ ሱታ» ይለኛል፤ ቀስ በል ማለቱ ነው። መኪናው ሲወርድና ሲነሳ ይታወቀኛል፣ ግን አይመታም፤ ሄዶ ይመለሳል። ወንዙ ጋ ደርሰን ተመለስን። ኦቦ ደበላ እጃቸውን እንዳጣመሩ ወረዱ።

«አሁን መኪና ነው» አሉ። ቀጥለውም «አንተም አሁን ሾፌር ሆንክ።»

ጊደሯ ወለሉ ላይ ድርቆሽ ስናነጥፍላት በራሷ እግር ገባች። ኦቦ ደበላ ከአንገቷ የቤታቸውን ገመድ ፈትተው ለራሳቸው አስቀሩ፣ በአዲስ ገመድ አሰሯት፤ እርጥብ ሳር ጀርባዋ ላይ አድርገው በኦሮምኛ መረቁ። እስከ አስፋልቱ ከጎናችን በእግራቸው መጡ፤ እርምጃቸው ከእኛ ፍጥነት ጋር የሚመጣጠን ነበር። አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ እንጂ እጃቸውን አላወዛወዙም።

ሌላ ጊዜ አራት ሰዓት የማይፈጀውን መንገድ ሙሉ ቀን ሄድኩት። ሚኒባስ ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ አለፈኝ፣ አንድ ጋሪም ሊቀድመኝ ሞክሯል። ኬላ ላይ ወረቀቱን ያየው ሰው ጊደሯን በዓይኑ ብቻ አይቶ «በሰላም ግቡ» አለ። ቱሉ ቦሎ ላይ ውኃ አቀረብንላት፣ አልጠጣችም። ሙላቱም ያን ቀን ምሳ አልበላም፤ ይህን የነገርኳት ጊዜ ነው ትርፌ የመንገዱን ከባድነት ያመነችኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወልቂጤ ገባን። ትርፌ በሩን ከፍታ ቆማለች። ጊደሯ ወርዳ ወደ ጋጡ ሄደች፣ ገባች፣ ከዚያ ቆመች። ድርቆሹን አልነካችም፣ ውኃውንም አሸተተችና ተወችው። ራሷን ዝቅ አድርጋ ዝም ብላ ቆመች። አምናም እንዲህ ነበር የጀመረው።

ኦቦ ደበላ ደወሉ። ገባችሁ ወይ ብለው አልጠየቁም።

«ታመነዥካለች?»

«ገና ነች ኦቦ።»

«ተዋት። አጠገቧ ሰው አይብዛ። ስታመነዥክ ደውሉልኝ» ብለው ዘጉ።

ሙላቱን አስወጣነው። እኔና ትርፌ ደፉ ላይ ተቀመጥን። መኪናውን፣ ጉድጓዱን፣ የረገጥኩትን ፍሬን ሁሉ አንድ በአንድ አሰብኩ። ቆይታ ጊደሯ በጉልበቷ በርከክ አለችና ተኛች። ትርፌ ክንዴን ያዘች። ከጊደሯ አንገት ሥር አንድ ነገር ወደ ላይ ወጣ፣ መንጋጋዋም ወደ ጎን መሄድ ጀመረ።

ትርፌ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ራሷ ደወለች። አይታቸው አታውቅም። «አባቴ፣ አመነዠከች» አለቻቸው።

ኦቦ ደበላ ሦስት ቀን ቤታቸው ስመላለስ እኔ ፊት ጊደሯን «እሷ» ከማለት በቀር በስም ጠርተዋት አያውቁም ነበር።

«እንግዲህ የእናንተ ናት» አሉ። «ስሟ በሬዱ ነው፤ ቆንጆ ማለት ነው። በስሟ ጥሪያት፣ ልጄ።»

ትርፌ ወደ ጋጡ ዝቅ ብላ «በሬዱ» አለች። ጊደሯ ማመንዠኳን ሳታቆም ጆሮዋን ወደ ትርፌ አዞረች።